«በፊት» ተብላ የተሰቀለችው ባለቤቴ

ለተከበሩ ዶክተር አዶኒያስ፣
የ«ልክ ፈገግታ» የጥርስ ማስተካከያ ክሊኒክ ባለቤትና ዋና ሐኪም፣
አዳማ

ጉዳዩ፦ ለልጄ ለቢሊሴ የታሰበላትን የዕድሜ ልክ ሽቦ ይመለከታል

ክቡር ዶክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጅ ነስቼ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እርስዎ ደኅና ሰንብተዋል ወይ? ሠራተኞችዎስ? ያ ከፍ ዝቅ የሚለው ወንበርዎ፣ ጉጠትዎ፣ የሰውን ራስ ቅል ከጎን ራጅ የሚያነሣው ማሽንዎስ እንዴት ከረሙ? እኛ ጥቂት ጥርስ ከመጉደሉ በቀር ደኅና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። የወላጅ እናትዎን የእትዬ ሙሉብርሃንን ለቅሶ ድንኳንዎ ድረስ መጥቼ የደረስኩ ቢሆንም፣ አሁንም በጽሑፍ እግዚአብሔር ያጽናዎ እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ይህ ደብዳቤ እርሳቸው ከማረፋቸው በፊት ተጽፎ ያለቀ ነበር፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው አይወቀስም ብዬ አርባቸው እስኪወጣ በሱቄ መሳቢያ አቆየሁት። ይህች የማጽናኛ ቃልና ከታች የምጨምራት ድኅረ ጽሑፍ ብቻ የአሁን ናቸው።

ማን እንደጻፈልዎ ግራ እንዳይገባዎ፣ እኔ ኃይለየሱስ ነኝ፤ ከትልቁ ቢልቦርድዎ ፊት ለፊት የመኪና መለዋወጫ የምሸጠው ሰውዬ። ቢሊሴ የምትባል አንዲት ልጅ አለችኝ። እናቷ ሶረቲ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ልጄ በክሊኒክዎ አራት ጤነኛ ጥርሶች ተነቅለውላት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ብሬስ ታስሮላት፣ በፊት ጥርሶቿ መሐል የነበረው ፍንጭት ተዘግቶላት፣ ወደ ፊት ወጣ ያለው አፏ ወደ ውስጥ ተመልሶላት፣ «ተስተካክለሻል» ተብላ ተሸኝታለች። አሁን ደግሞ ፍንጭቱ ዳግመኛ እንዳይከፈት ከጥርሶቿ ጀርባ ዕድሜ ልኳን የሚቆይ ሽቦ ይለጠፍላት ዘንድ ክሊኒክዎ ደጋግሞ እየደወለ ይጠራታል። የዕድሜ ልክ እስራት በዚህ አገር የሚፈረድበትን ወንጀል ጠበቃ ጠይቄ ስለተረዳሁ፣ የልጄ ጥፋት ምን እንደሆነ ለማወቅ ጓጉቼ ነው ብዕር ያነሣሁት። ደብዳቤውን በአደባባይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ እርስዎም የልጄን አፍ በአደባባይ አውጥተውታልና።

ለጥሪዎ የምንሰጠውን መልስ ከመጻፌ በፊት ግን ምስጋናዬን በተራ በተራ ማቅረብ ይገባኛል።

አንደኛ፤ ልጄ ምንም ሳያማት በሽታ ስላገኙላት አመሰግናለሁ። ቢሊሴ በሕይወቷ ጥርሷን አሟት አያውቅም ነበር። ሸንኮራ በጥርሷ ትልጥ ነበር፤ አጥንት ስትቆረጥም ድምፁ ሱቅ ድረስ ይሰማኝ ነበር። በምትማርበት ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ነጭ ድንኳን ተክለው «ነፃ ምርመራ» ብለው ባይጠሯት ኖሮ እስከ ዛሬም ደኅና ነኝ እንዳለች ትሞኝ ነበር። ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት የሚለው ተረት ለተራ ሰው የተተረተ እንጂ ለእንደ እርስዎ ላለ አዋቂ አይደለም። ያን ቀን ቤት ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ቆማ «አባዬ፣ ፊቴ ከልክ በላይ ነው አሉኝ» አለችኝ። እኔም እንኳን ከልክ በላይ ከወርቅም በላይ ነው ብዬ ቀለድኩ። ልጄ ግን አልሳቀችም፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም በሳቀች ቁጥር አፏን በመዳፏ መሸፈን ጀመረች። ከመዳፏ ጀርባ የምትስቅ ልጅ ማየት እንዴት እንደሚያንገበግብ እርስዎ ልጅ ሲወልዱ ይገባዎታል።

ሁለተኛ፤ የልጄን የራስ ቅል በሕይወት ሳለች ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። ይህ ለብዙ አባት የማይደርስ ዕድል ነው። እኔ ዕቃ ላስጭን ጅቡቲ ሰንብቼ ስመለስ ጥርሶቿ ተነቅለው፣ ጉንጯ አብጦ ጠበቀችኝ። ክሊኒክዎ ስመጣ «ዐሥራ ስምንት ዓመት ስለሞላት ራሷ ወስናለች፤ አባት አይጠየቅም» ተባልኩ። ትክክል ነው፤ ፊቱ የእሷ ነው፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም። እርስዎም ጭምብልዎን ሳያወልቁ፣ ዓይንዎ ብቻ ፈገግ እያለ፣ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ራጁን በኮምፒውተር ከፍተው በአጥንቱ ላይ የተሰመሩትን ቀይና አረንጓዴ መስመሮች ያስረዱኝ ጀመር።

ክቡር ዶክተር፣ ይቅርታዎንና ያን ጊዜ አልሰማሁዎትም ነበር። ያ ወደ ፊት ወጣ ያለ መንጋጋ ሥጋ ሳይለብስ ይስቅ ነበር። እኔ እዚያ ስክሪን ላይ ያየሁት ልጄን አይደለም፤ ከአፈር በታች ያለችውን ሚስቴን ነው። ከቀበርኳት ቀን ጀምሮ አሁን ምን መስላ ይሆን ብዬ ላለማሰብ ስሸሸው የኖርኩትን መልክ በጥቁርና በነጭ፣ መስመር አስምረው፣ ቁጥር ጽፈው፣ «ይሄ ነው ችግሩ» ብለው በእስክሪብቶዎ ጫፍ ነካ ነካ አደረጉልኝ። ወንበሩን ጠበቅ አድርጌ መያዜን አይተው ውኃ እንዲመጣልኝ ስላዘዙም አመሰግናለሁ፤ ቀዝቃዛ ነበር።

ራሴን ካረጋጋሁ በኋላ፣ ይህ «ልክ» የሚሉት ነገር የማን ልክ እንደሆነ በትሕትና ጠየቅሁዎ። ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ነው አሉኝ። ሲለካ የማን ፊት እንደተለካ ስጠይቅዎ፣ ድሮ በሌላ አህጉር መልካቸው ያማረ ነጭ ልጆች ተመርጠው እንደሆነ አልደበቁኝም። ከመካከላቸው የመቂ ወይም የአዳሚ ቱሉ ልጅ ነበረች ወይ ብዬ ስጠይቅ ሳይንስ ዘር አይለይም አሉኝ። ወዲያው ደግሞ፣ እውነተኛ ሰው ስለሆኑ፣ የየሕዝቡ የፊት አጥንት ልክ እንደሚለያይ፣ የእኛም ሰው ከንፈርና ጥርሱ ከእነዚያ ይልቅ ትንሽ ወደ ፊት መሆኑ የታወቀ እንደሆነ፣ እርስዎም በትምህርት ቤት እንደተማሩት ነገሩኝ። የታወቀ ከሆነ ለማሽኑ ለምን አልተነገረውም ብል፣ ማሽኑ በሽተኛው ከየትኛው ሕዝብ እንደሆነ ቢጠይቅም በምርጫ ዝርዝሩ የእኛ ሕዝብ ስለሌለ ከላይ የመጣውን መጫን ልማድ መሆኑን አስረዱኝ። እነሆ ልጄ በአንድ ጣት ንክኪ ከአዳማ ተነሥታ ባሕር ተሻግራ፣ እዚያም ደርሳ አስቀያሚ ተባለች። ቪዛ ሳይጠየቅ እንዲህ ያለ መንገድ ለማንም አልተከፈተም።

እኔ ያልተማርኩ ነጋዴ ነኝ፤ ሳይንስዎን አልከራከርም። ማኘክ አቅቷት፣ ጥርሷ ተደራርቦ ድዷን እያቆሰላት ቢሆን ኖሮ እጅዎን ስሜ አላበቃም ነበር፤ እንዲህ ያሉትን እንዳዳኑም ሰምቻለሁ። ነገር ግን በእኔ ሱቅ የላንድክሩዘር ኮፈን ለአይሱዙ አልገጥም ሲል፣ ተሳስተህ ያመጣኸው ኮፈኑን ነው ይባላል እንጂ አይሱዙዋን ተጣማለች ብሎ አፍንጫዋን በመዶሻ የሚመታ ባለ ጋራዥ አላየሁም። ቢኖርም ደንበኛው መዶሻውን ተቀብሎት ነበር።

ሦስተኛ፤ ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ እንቢ ስላለኝ ወደ ኋላ አስተላልፌዋለሁ። እርስዎ ነገርን ከፊት ወደ ኋላ መመለስ ሙያዎ ስለሆነ ቅር እንደማይሰኙብኝ አምናለሁ።

አራተኛ፤ በቤታችን ጸጥታ ስላሰፈኑልን አመሰግናለሁ። ይህን እንዲረዱልኝ ስለ ሶረቲ ትንሽ ልንገርዎ። ሚስቴ ሳቂታ ነበረች፤ ካሜራ ሲነጣጠርባት ግን አፏን ግጥም ታደርግ ነበር። የመታወቂያዋም፣ የሠርጋችንም ፎቶ ላይ የተቆጣች ዳኛ ትመስላለች። አንድ ጊዜ ሶደሬ ሄደን ፍልውኃው ዳር ስትስቅ ሳታየኝ አነሣኋት፤ ፎቶው ሲታጠብ በፊቷ ቦታ ያለው እንፋሎት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ስትሞት ሳቋ የቀረው በአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ በልጃችን አፍ ላይ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሁሉ ቢሊሴን እያየ «ቁርጥ እናቷን!» እያለ ነበር የሚያለቅሰው። እርስዎም ቃሉን በቁሙ ተረድተውት ነው መሰለኝ፣ ቆረጡት።

እናቷ ካረፈች በኋላ ልጄ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ አንድ ነገር ታደርግ ነበር። መጀመሪያ ስሰማ አእምሮዋን የነካት መስሎኝ ደንግጬ በበሩ ስንጥቅ አየኋት። ዓይኖቿን ጨፈን አድርጋ፣ ጥርሷን ገልጣ ፈገግ ትልና፣ ቀስ ብላ ዓይኗን ገልጣ መስታወቱን «እንዴት አደርሽ እማዬ» ትለው ነበር። ዓይኗ የእኔ ነው፤ ከአፍንጫዋ በታች ያለው ግን ሁሉም የሶረቲ ነበር። እኔም፣ አልዋሽዎትም፣ ከበሩ ጀርባ ቆሜ በልቤ እንዴት አደርሽ ማለት ለምጄ ነበር። ብሬሱ የወለቀ ዕለት ቢሊሴ እየሮጠች መጥታ መስታወቱ ፊት ቆመች። ፈገግ አለች። ከዚያ ደጋግማ ፈገግ አለች። ከዚያ መስታወቱን አውርዳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። እስከ ዛሬም እንደዞረ ነው፤ ጺሜን የምላጨው ሱቅ ውስጥ በተሰነጠቀ የመኪና ስፖኪዮ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው ብዬ ልቆጣት ፈልጌ አልቻልኩም። የቆጡን አውርጂ ብሎ መሰላል ያቀረበላት ሌላ ሰው ነውና።

አምስተኛ፤ ሚስቴን ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። ይህ ምፀት አይደለም፤ ወይም ምፀት ብቻ አይደለም።

ከሱቄ ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ላይ ያሰቀሉት ቢልቦርድ ሁለት ምስል አለው። ፈቃዷን ጠይቀው እንደሰጠችዎት አውቃለሁ፤ የጠየቋት አፏ በጥጥ ተሞልቶ ሳለ በመሆኑ የተጠየቀችውን ሁሉ በጭንቅላቷ ነው የመለሰችው። በስተቀኝ ያለችው፣ «ከሕክምና በኋላ» የተጻፈባት፣ ዓይኗ ተገልጦ የምትታየው የዛሬዋ ቢሊሴ ናት። በስተግራ ያለችው፣ «ከሕክምና በፊት» የተጻፈባት፣ ወደ ፊት ወጣ ባለው አፏና በፍንጭቷ የምትስቀው ደግሞ የድሮዋ ቢሊሴ ናት። እንዳታፍር አስበውላት የ«በፊቷ»ን ዓይኖች በጥቁር መስመር ሸፈኑላት። እንዴት ያለ ርኅራኄ ነው! ዓይኗ የእኔ ነበር ብዬዎታለሁ። የእኔን ድርሻ ሸፍነው ሲያወጡት የቀረው ንጹሕ ሶረቲ ነው። እኔ በካሜራ ይዤ የማላውቀውን ሳቅ እርስዎ ከሰው ቁመት በሚበልጥ ሸራ ላይ አትመው፣ በስሕተት ምሳሌነት፣ ሱቄ ፊት ለፊት ሰቀሉልኝ።

ጠዋት የሱቁን መዝጊያ ሽቅብ ስገፋ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው። የአዳማን ነፋስ ያውቁታል፤ ከቀትር በኋላ ሲነሣ ሸራው ይነፋና ይሸበሸባል፤ ያኔ አፏ ይንቀሳቀሳል። አንድ ነገር ልትለኝ ትጀምራለች፤ ነፋሱ ይመለስና ትተወዋለች። ደንበኛ ፍሪሲዮን ሲጠይቀኝ ፊልትሮ አንሥቼ የምሰጠው ያኔ ነው። ምን ልትለኝ እንደምትፈልግ አላውቅም። ዓይኗ ስለተሸፈነ ወደ እኔ እያየች መሆን አለመሆኗን እንኳ አላውቅም። ከበታቿ በትልቁ የተጻፈው «በፊት» የሚለው ቃል ግን ሁልጊዜ ይነበባል፤ አማርኛ የገባው ሰው ደግሞ «በፊት» ማለት ድሮ ማለትም እንደሆነ፣ በፊት ላይ ማለትም እንደሆነ ያውቃል። ሁለቱም እውነት ነው። ሶረቲ ድሮ ነበረች፤ በልጄም ፊት ነበረች።

አሁን ወደ ዘለልኩት ወደ ሦስተኛው ልመለስ፤ ከዚህ በላይ አልሸሸውም።

ሦስተኛ፤ አማቴን ስላስደሰቱልኝ አመሰግናለሁ። አማቴ፣ ቢሊሴ በኦሮምኛ አኮ፣ አያቴ፣ የምትላቸው የሶረቲ እናት፣ አዳሚ ቱሉ ነው የሚኖሩት። ዓይናቸው ደክሟል፤ የአማርኛ ፊደል አያነቡም፤ በልጅ ልጃቸውና በክሊኒክዎ መካከል ስለሆነው ነገርም ሰው አልነገራቸውም ነበር። ብሬሱ ከታሰረላት ጊዜ ጀምሮ ቢሊሴ ትምህርት በዛብኝ እያለች እርሳቸው ዘንድ አልሄደችም። ለሶረቲ ሙት ዓመት ሲመጡ ግን መናኸሪያ ሄዳ ተቀበለቻቸው፤ አቅፈው ሳሟት፤ እሷም ነጠላዋን አፏ ላይ እንዳደረገች ባጃጅ አስገብታ ወደ ሱቄ አመጣቻቸው።

አማቴ ከባጃጁ ወርደው ቀና ሲሉ ቢልቦርዱን አዩ። ባሉበት ቀሩ። ምርኩዛቸውን በቢሊሴ እጅ አስይዘው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አስፋልቱ ዳር ድረስ ሄዱና ለተሰቀለችው «አካም ጂርታ፣ ኢንታላ ኮ?» አሏት፤ እንዴት ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው። እንደሚያውቁት በእኛ አገር ሰው ሲሞት ፎቶው በትልቅ ሸራ ታትሞ ድንኳን በር ላይ ይሰቀላል። አማቴም የአዳማ ሰው ልጃቸውን ስድስት ዓመት ሙሉ ሳይረሳ፣ ለሙት ዓመቷ ምስሏን ሕንፃ ላይ ያሰቀለላት መሰላቸው። በጥቁር የተሸፈነውን ዓይኗን አይተውም አልከፋቸውም፤ ሬሳ ዓይኑ ይከደናል፤ «ዓይኗን እንኳ ከድነውላታል፣ ወግ ያውቃሉ» አሉ። ከዚያም እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። ክሊኒክዎን ነው የመረቁት ዶክተር፣ ሳያውቁት። ሥራችሁ ይለምልም፣ በጎደለ ይሙላላችሁ ብለዋችኋል። የጎደለው የማን እንደሆነ አልገባቸውም።

ባለ ሱቆቹ ሁሉ ወጥተው ቆመዋል። እኔ ከሱቄ ደጃፍ አልተነሣሁም። ቢሊሴ ምርኩዙን ይዛ ከአጠገባቸው ቆማለች። በዚህ መሐል አማቴ ዓይናቸውን ወደ ቀኙ ምስል አዞሩ። ትንሽ አዩት። የማያውቁትን እንግዳ ሰው እንደሚያዩ በትሕትና አዩት። ጣታቸውን ቀስረውም ለቢሊሴ «ኩን ሆ ኤኙ?» አሏት። ይቺኛዋስ ማን ናት?

ልጄ ነጠላውን ከአፏ ላይ ሳታነሣ፣ የራሷን ምስል ሽቅብ እያየች «ሂን ቤኩ፣ አኮ» ብላ መለሰች። አላውቅም፣ አኮ።

ክቡር ዶክተር፣ በሕይወቴ ሁለት ለቅሶ ለቅሻለሁ። አንዱ ሶረቲ የሞተች ዕለት ነው። ሁለተኛውን እርስዎ ያውቁታል፤ ቢልቦርዱ የእርስዎ ነውና።

እንግዲህ ስለ ሽቦው። ብሬሱ ሲወልቅ ማታ ማታ የምታጠልቀው ማቆያ ፕላስቲክ ሰጥተዋት፣ ካላደረገችው ምን እንደሚሆን አስጠንቅቀዋት ነበር። የተናገሩትን ቃል ልጄ ቤት መጥታ ስለነገረችኝ አልረሳሁትም፤ «ጥርስ የነበረበትን ቦታ ያስታውሳል፤ ከተውሽው ይመለሳል» ብለዋታል። ከተናገሩት ሁሉ ደግ ነገር ይህ ነው። አማቴ ወደ አገራቸው ከተመለሱ ማግስት ጀምሮ ማቆያው በቁም ሳጥን ውስጥ፣ በሣጥኑ እንዳለ ተቀምጧል። ቢሊሴ እሑድ እሑድ የእናቷን የስፌት ክር እየመዘዘች በሁለቱ የፊት ጥርሶቿ መሐል ለማሳለፍ ትሞክር ጀመር። አልገባ እያለ ብዙ ጊዜ ተበጠሰባት። አንድ እሑድ ግን እኔ ሱቅ ቁጭ ብዬ ሳለሁ በር ላይ መጥታ ቆመች፤ ነጭ ክር በፊት ጥርሶቿ መሐል ገብቶ ሁለቱም ጫፉ እንደ ጢም ተንጠልጥሏል። ስትስቅ እጇ ወደ አፏ አልሄደም። እኔም ሳላስበው ዓይኔን ሽቅብ ወደ ቢልቦርዱ ወረወርኩ፤ ነፋስ አልነበረም፤ አፏ ግን እንደዚያ ቀን የተከፈተ መስሎ ታይቶኝ አያውቅም።

የተነቀሉት አራቱ እንደማይመለሱ እናውቃለን። ከንፈሯም እንደ ድሮው አይሆን ይሆናል። ፊቷ የእሷ ነውና ፍንጭቱን እንደገና ልትዘጋው ብትፈልግም ማንም አይከለክላትም። እንዲህ ብዬ ስነግራት የሰጠችኝን መልስ ግን ልጻፍልዎ፦ «አባዬ፣ በሩን ለእማዬ ትንሽ ገርበብ አድርጌ ልተወው» ነው ያለችኝ። ስለዚህ በክብር የተጋበዘችበትን የሽቦ ቀጠሮ መቀበል አልቻለችም። ሽቦው እንዳይባክን ለክሊኒክዎ አጥር ቢያደርጉት የጎረቤት ፍየሎችን ይከለክልልዎታል።

አንዲት ትንሽ ልመናም አለችን። ቢልቦርዱ በቅርቡ በሌላ እንደሚቀየር ከሠራተኛዎ ሰምቻለሁ። ሸራውን ሲያወርዱ እንዳይጥሉብን። እኔ የምፈልገው ግራውን ግማሽ ብቻ ነበር፤ አማቴ ለቤታቸው ግድግዳ ይጠብቁታል። ቢሊሴ ግን እንቢ አለች። ያቺንም በስተቀኝ ያለችውን ማንም የማያውቃትን ልጅ ብቻዋን አንተዋትም፣ ሁለቱንም ነው የምንወስደው ብላለች። መቀስ እንዳያስነኩት አደራ፤ በዚህ ቤት መቁረጥ በቅቶናል።

በዚሁ አጋጣሚ ማሽንዎ የእኛን አገር ሰው የሚያውቅበት ቀን እስኪመጣ ድረስ፣ ከላይ የመጣውን ምርጫ የሚጫነው ጣትዎ ከድካም ያርፍ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ልካችንን ስላሳወቁን፣ ልክ ስላስገቡን፣ ልክ የሌለው ሐዘናችንን በነፋስ ፊት ስለሰቀሉልን ደግሜ ደጋግሜ አመሰግናለሁ።

ከልክ ባለፈ አክብሮት፣

ኃይለየሱስ
የ«በፊት» ባል፣ የ«በኋላ» አባት
ከቢልቦርዱ ፊት ለፊት፣ አዳማ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እርስዎን ያለ ጭምብል ያየሁዎት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በእናትዎ ድንኳን ውስጥ። የእትዬ ሙሉብርሃን ትልቁ ምስል በር ላይ ተሰቅሎ ይስቅ ነበር። እርስዎ ሰውን ሊያመሰግኑ ሲገቡ አንዲት አሮጊት ከመቀመጫቸው ተነሥተው ፊትዎን በሁለት እጃቸው ይዘው «ቁርጥ እናቱን! ኧረ ሙሉብርሃን አልሞተችም!» ብለው ጮኹ፤ ድንኳኑ በሙሉ ወደ ምስሉ፣ ከዚያም ወደ እርስዎ እያየ አለቀሰ። እርስዎም በእንባዎ መሐል ፈገግ አሉ። ያ ፍንጭት፣ ያ ወደ ፊት ወጣ ያለ አፍ የማን እንደሆነ ለማወቅ ዘመድ መሆን አላስፈለገኝም። ዶክተር፣ እንደ ሰው ልለምንዎ፤ አንድ ቀን በሥራ መሐል ሰልችቶዎት እንኳ ቢሆን ከራስዎ ማሽን ፊት እንዳይቀመጡ። በእሱ ቁጥር እናትዎ ከልክ በላይ ናቸው። እባክዎ፣ አያስነኳቸው።